ለአንድ ሰው ወይስ ለሁለት? ባለፔዳልና ባለሸራ ትራይማራን ካያክ ልገዛ ነው፣ ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዘንድሮ ቼሳፒክ ቤይ ላይ የምወጣበት ሆቢ አይላንድ (ሆቢ የሚባል ኩባንያ የሚሠራው ካያክ) ልገዛ ቆርጫለሁ። የትኛውን የሚለው ላይ ግን ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። አድቬንቸር አይላንድ የሚባለው የአንድ ሰው ነው፤ ታንደም አይላንድ የሁለት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ መሃሉ ረጅም ካያክ፣ ማለት ጠባብ ትንሽ ጀልባ ነው። ግራና ቀኙ ላይ በዘንግ የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ተንሳፋፊዎች አሉ። ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ። እዚህ ቤት ክንፍ ነው የምንላቸው። ከፊት ምሰሶና ሸራ አለ፤ ከእግር ሥር ፔዳል አለ። ፔዳሉን ገፋ ገፋ ስታደርገው ከካያኩ ሆድ ሥር ሁለት መቅዘፊያዎች እንደ ፔንግዊን ክንፍ ይወዛወዛሉ። ሆቢ ይህን ፔዳል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ንፋስ ካለ በሸራ፣ ከሌለ በእግር፣ ከፈለግህም በሁለቱም ትሄዳለህ።

ቁጥሮቹን አይቻለሁ። አዲሱ ታንደም 5.64 ሜትር ይረዝማል። ሙሉ ዕቃው ሲገጠም 109 ኪሎ ነው፤ 272 ኪሎ ይጭናል። የአንድ ሰዉ 5.05 ሜትር፣ 84 ኪሎ፣ ጭነቱ 181 ኪሎ። የታንደሙ ሸራ 8.4 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የትንሹ ከ6 አይበልጥም።

ባለቤቴ ውሃ ትወዳለች፤ መርጠብ ግን አትወድም። ልጃችን 9 ዓመቷ ነው። መኪናችን መካከለኛ ኤስዩቪ ናት። በእጃችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትገዙ ነበር?

(ክሩ በጣም ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ከሥር ጀምሮ ማንበብ ይታክተዋል። ስለዚህ የመጡትን መልሶች በየተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። መሃል ላይ የራሴን ጣል ካደረግሁ ታገሡኝ።)

መልስ 1። የሲያትሉ ጋሼ ናቸው። እንኳን ደህና መጣህ ብለው፣ መርቀው፣ ሳያወላውሉ ታንደም ግዛ አሉ። ምክንያታቸው አጭር ነው። የሁለት ሰዉን ብቻህን ትነዳዋለህ፤ የአንድ ሰዉን ግን ሁለት ሆናችሁ አትነዱትም። እሳቸው ፒውጀት ሳውንድ ላይ ብቻቸውን ሲወጡ የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የፊቱን ለውሃና ለምግብ ይተዉታል። ይህን ነጥብ እስከ መጨረሻው ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም።

መልስ 2። ከጋሼ ጋር ተስማማ። እዚሁ ሜሪላንድ ነው ያለው። ሐምሌ ላይ የቼሳፒክ ንፋስ እንደሚሞት፣ ያኔ ትልቁ ሸራ ትንሿንም ሽውታ እንደሚይዝ ነገረን። ትንሹ አይላንድ ላይ ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ፔዳል ሲረግጥ ነው የሚውለው አለ።

መልስ 3። አናፖሊስ አካባቢ የምትኖር እህታችን ናት፤ ነርስ ነች። በትሕትና አልስማማም አለች። ባለትንሹ ናት። ሥራዋ በፈረቃ ስለሆነ የእረፍት ቀኗ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ላይ ይውላል። በዚያ ቀን ጓደኛ የለም፣ ባል የለም፣ ልጅ የለም። ካያኳን ባለጎማ ጋሪዋ ላይ ታስቀምጥና ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ራሷ ትጎትታለች። አሸዋ ላይ ሰፋ ያለ ጎማ እንደሚያስፈልግ፣ ጠባቡ እንደሚሰምጥ አስጠነቀቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ታንደሙን የምታወርድ ቀን በሌላው ጫፍ የሚያነሳው ማነው?

መልስ አልነበረኝም። እንደ እኔ ከሆነ የክሩ ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ሁላችንም ስለ ውሃው እናወራለን። ሰው ጀልባውን የሚሸጠው ግን ዳር ላይ በሚያየው መከራ ነው።

መልስ 4። እርማት ነው፣ ያውም ጨዋ እርማት። ክብደቱን በደፈናው አትጥሩ፣ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ አለ። ሁለቱም ሞዴሎች እ.ኤ.አ. በ2015 ተለውጠዋል። አካላቸው ሰፋ፤ ወንበሩ ከፍ ያለና መረብ የለበሰ ሆነ። ወገብ አመሰገነ፣ ክብደት ግን ጨመረ። ከዚያ በፊት የተሠራው የአንድ ሰው አይላንድ ክንፉና ምሰሶው ከወለቀ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል። እሱም ቢሆን የፖርቶመጋላውን አቅም አይቶ ነው፤ ብዙዎቹ ከ75 ኪሎ በላይ አይችሉም። አዲሱን ትንሹን ጣራ ላይ ማውጣት ለጉልበተኛ ነው። ታንደም ከሆነ ደግሞ ተጎታች ግዛና ተገላገል።

መልስ 5። ከሂዩስተን። ጋልቭስተን ሲወጣ ምሰሶውን ሰክቶ፣ ክንፉን ገጥሞ፣ መሪውን አውርዶ እስኪጨርስ ሙቀቱ እንደሚያዞረው አማረረ። ለሁለቱም ሞዴል ያው ነው፤ ለምርጫው ብዙም አይረዳም።

መልስ 6። እዚህ ላይ ነገሩ ከረር አለ። አንዱ ተነስቶ ጋሼን ተናገራቸው። ጎረምሳ ልጆች ያሉት ሰው ስለ ክብደት ባይመክር ይሻላል አለ። እኔ ብሆን እንዲህ አልልም ነበር።

መልስ 7። ጋሼ አልተቆጡም። ልጆቻቸው ሌላ ስቴት እንደሚኖሩ ነግረው ነገሩን አብራሩ። የኮንክሪት ራምፕ (ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት) ካለ ክብደት ችግር አይደለም። ተጎታቹን በኋላ ማርሽ ውሃ ውስጥ ታስገባለህ። ክንፎቹ ታጥፈው የታንደሙ ስፋት 1.22 ሜትር ብቻ ነው። ካያኩ ራሱ ይንሳፈፋል፣ ገመዱን ይዘህ ዳር ታስራለህ፣ መኪናህን ታቆማለህ። ለአንድ ሰው የማይቻል ሥራ የለበትም። አሸዋ ላይ ግን ሌላ ጨዋታ ነው ብለው እህታችንን ደገፏት። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሰው ትሆናላችሁ ብቻ አይደለም። የምትወጣው ከራምፕ ነው ወይስ ከአሸዋ?

መልስ 8። ይህን ሲያነብ የፍሎሪዳው ሰውዬ ገባ። ኤቨርግሌድስ ቻሌንጅ የሚባለውን ጉዞ አነሳ። በየዓመቱ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ታምፓ ቤይ አፍ ላይ ካለው ፎርት ዴ ሶቶ ተነስቶ ኪ ላርጎ ይደርሳል። ወደ 480 ኪሎ ሜትር ነው፣ የተሰጠው ጊዜ 8 ቀን። ሆቢ አይላንዶች በብዛት ይገቡበታል። የመጀመሪያው ፈተና ገና ከአሸዋው ነው። ጀልባህ ማዕበሉ ከማይደርስበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ ከሌላ ሰው እርዳታ ሳትጠይቅ ውሃ ውስጥ ታስገባዋለህ። ታንደም ይዞ ብቻውን የመጣ ሰው በአየር የተነፉ ጥቅልሎች ከሥሩ እያስገባ ሲገፋ በዓይኑ አይቷል። ያ ሰው የሳምንት ውሃና ምግብ ጭኖ ነበር፤ ጭነቱን አውርዶ፣ ጀልባውን አስገብቶ፣ እንደገና ጫነ። የአንድ ሰው አይላንድ የያዙት ያን ጊዜ ርቀው ሄደዋል።

መልስ 9፣ 10 እና 11። ወሬው ሄደ። አንዱ ሽልማቱ ስንት ነው አለ። ሌላው ከሬስ ቱ አላስካ ጋር አምታታውና 10 ሺህ ዶላር ነው አለ። ያ ሌላ ነው፤ ከፖርት ታውንሰንድ እስከ ኬቺካን ሞተር ሳይነካ የሚኬድ 750 ማይል። አንደኛ ለወጣ 10 ሺህ ዶላር ይሰጣል፣ ለሁለተኛው ደግሞ የሥጋ ቢላዋ። ሦስተኛው ሰው ቁርጥ ለሚወድ ሕዝብ ሁለተኛ መውጣት ይሻላል ብሎ ክሩን በሳቅ ሞላው።

መልስ 12። ወደ ቁም ነገር የመለሰን የኤላቱ (እስራኤል) ልጅ ነው። እዚያ ንፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ይነፍሳል። ከተማው ያለው ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ነው። ስትወጣ ንፋሱ ከኋላህ ይገፋሃል፣ ደስ ይልሃል፣ ርቀህ ትሄዳለህ። ስትመለስ ፊት ለፊትህ ነው። በሸራ ፊት ለፊት መሄድ ስለማይቻል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዝክ ነው የምትመለስ። እነዚህ ካያኮች ደግሞ አፍንጫቸውን በንፋሱ አሻግሮ ማዞር ላይ ሰነፍ ናቸው። መሃል ላይ ይቆሙብሃል፣ ሸራው ይርገበገባል፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለህ። መላው ፔዳል ነው። ሸራውን ጠበቅ አድርገህ፣ መሪውን ገፍተህ፣ አፍንጫው እስኪሻገር ጥቂት ጊዜ በደንብ ትረግጣለህ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመጣል። ታንደም ላይ አራት እግር ካለ ዞር ማለቱ ቀላል ነው። ሁለት እግር ብቻ ካለ ያን ሁሉ ክብደት ብቻህን ነው የምትገፋው። ንፋሱ ጠፍቶ በፔዳል መመለስ ግድ ሲሆንማ አይነሣ። እሱ ከሚስቱ ጋር ታንደም ነበረው፤ እሷ ፈረቃ ስትቀይር ሸጦ ትንሹን ገዛ።

መልስ 13። ከጥብርያዶስ፣ ኪኔሬት ሐይቅ ላይ የሚወጣ ሌላ ወንድም። እነሱ ጋ በጋ ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ንፋስ ይመጣል፣ ሲመጣም በኃይል ነው። የታንደሙ ሸራ ለአንድ ሰው በዛ ብላችሁ አትፍሩ አለ። ሸራው ገመዱን ስትስብ ምሰሶው ላይ ይጠቀለላል። ሲበረታ ግማሹን ትጠቀልላለህ፣ ሲብስ ነጠላ የምታህል ብቻ ትተዋለህ። ከወንበርህ መነሳት አያስፈልግህም።

መልስ 14። ይገለበጣል ወይ?

መልስ 15። ይገለበጣል፣ ግን ቀድሞ ይነግርሃል ሲል የፍሎሪዳው ሰውዬ መለሰ። ንፋሱ የሚጫነው ክንፍ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከገባ ሸራውን መቀነስ ነበረብህ ማለት ነው። ከተገለበጠ ደግሞ አንደኛውን ክንፍ አጥፈህ ነው የምታቃናው። ታንደሙን ብቻህን ማቃናት ከባድ ስለሆነ ሞቅ ባለ ቀን፣ አንገት በሚደርስ ውሃ፣ ሰው ባለበት ተለማመዱት አለ። የክንፉን ዘንግ የሚይዘውን የፕላስቲክ ብሎንም አነሳ። ክንፉ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ብሎኑ እንዲሰበር ሆኖ ነው የተሠራው፣ ዘንጉ እንዳይሰበር። አንዳንድ ሰው ተበላሸብኝ ብሎ በብረት ብሎን ይተካዋል። ከዚያ በኋላ ዘንግ ነው የሚገዛው።

መልስ 16። መዋኘት የማይችል ሰው ጀልባ መምረጡን ትቶ ቤቱ ይቀመጥ። ይሄው ነው፤ ሰላምታም የለው።

መልስ 17። ደጋ ያደገ አንድ ወንድም በጣም ከፋው። ባሕር ያየው በሠላሳ ዓመቱ እንደሆነ፣ ለዚህም ይቅርታ እንደማይጠይቅ ጻፈ። ትንሽ የስድብ ቅመም ነበረበት፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 18። ነርሷ እህታችን ተመለሰች። የሁለቱንም ልብ አበረደችው። የአዋቂዎች የዋና ትምህርት በየካውንቲው የመዝናኛ ማዕከል እንዳለ፣ ማፈር እንደማያስፈልግ ነገረችን። የመንሳፈፊያ ጃኬት ወንበር ሥር ሳይሆን ገላ ላይ ነው መዋል ያለበት። በሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ሲሄድ መልበስ ግዴታው ነው፤ ሁለቱም አይላንዶች ከዚያ ያንሳሉ። ከዚያ ማንም ያላነሳውን አነሳች። ሚያዝያ ላይ አየሩ ይሞቃል፣ የቤዩ ውሃ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የገባበት ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን ነው የሚነጠቀው። በዚያች ደቂቃ ዋናተኛም ውሃ ይውጣል። ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበሱ አለች።

የ16 ነገሩ ልክ ነው፣ አፉ ነው ልክ ያልሆነው። የልጄን ጃኬት ግን ካያኩ ሳይገዛ ገዝቻለሁ።

መልስ 19፣ 20 እና 21። ጣና ገባን። አንዱ አይላንድ ባሕር ዳር ቢወሰድ ምን ይመስላል አለ። ሌላው ቀረጡን አስበህ ነው ወይ አለው። የዘጌ ልጅ ነኝ ያለ ሰው ስለ ታንኳ ረጅም ጽሑፍ አስፍሯል። ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ እንዴት አውጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚያደርቁት፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲናወጥ ለምን በጠዋት መሻገር እንደሚመረጥ። ወርቅ የሆነ ጽሑፍ ነው፤ ለብቻው ክር ይገባዋል። ጉማሬ ፔዳሉን ቢነክሰው የሚለው ክርክር ግን ሁለት ገጽ ወሰደና አስተባባሪው ዘጋው።

መልስ 22። ለእኔ ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው ይሄኛው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ18 ጫማ የሚበልጥ ባለሸራ ጀልባ ሞተር ባይኖረውም የባለቤትነት ደብተር ማውጣት አለበት። ታንደሙ 18 ጫማ ተኩል ነው። በግማሽ ጫማ ወረቀት ውስጥ ትገባለህ ማለት ነው። ትንሹ አይነካውም። ሜሪላንድ ደግሞ ሞተር ከሌለው አይመዘግብም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከገጠምክ ግን የትም ብትሆን መዝገብ ቤት ነህ።

መልስ 23። ከሚኒሶታ። ታንደም የገዛው ለሚስቱ ብሎ ነው። አንዴ ወጣች፣ ራሰች፣ በቃኝ አለች። አሁን ወንበሯ ላይ የበረዶ ሳጥኑ ይቀመጣል። ትንሹን ግዛና ትዳርህን ጠብቅ አለኝ።

መልስ 24። አንዲት እህት ወዲያው ገጨችው። የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠሃት ነው የራሰችው፤ የሚረጨው ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘው የፊቱን ነው። ኋላ አስቀምጣት፣ መሪውንም ሸራውንም ስጣት፣ አንተ ፊት ሆነህ እርጠብ፣ ከዚያ ትወጣ እንደሆን እናያለን። ሃምሳ ሰው ወደደው። ባለቤቴም አንብባዋለች።

መልስ 25። አንዱ ሁለት ትንንሽ ግዙ አለ። ሁለታችሁም ነጻ ትሆናላችሁ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይጎትተዋል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የ9 ዓመት ልጅ የት ትቀመጥ የሚለውንና የሁለቱን ዋጋ ግን ዘለለው።

መልስ 26። አንድ ሰው ብቻ የት ነው የምታቆመው ብሎ ጠየቀኝ። እስከዚህ ድረስ ልቤ ወደ ታንደም አዘንብሎ ነበር። የ24 ምክር ቤቴ ውስጥ ሠርቶ ነበር። ባለቤቴ መሪው ከተሰጣት እንደምትወጣ ነገረችኝ። የግቢያችንን ደንብ አውጥቼ ሳየው ተጎታች ማቆም ክልክል ነው። ጋሼ የነገሩኝ የራምፕ ብልሃት ተጎታች ከሌለ አይሠራም። ማከራያ መጋዘን ውስጥ ላስቀምጠው ብዬ ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ ለመዝናኛ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ከ2015 በፊት የተሠራ፣ ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣ ትንሹን እየፈለግሁ ነው። ጓሮ ያለው ሰው፣ ቤተሰቡ ከሚወጣ፣ ታንደሙን ይግዛ። እኔ ጓሮ ቢኖረኝ ሁለተኛ አላስብም ነበር። ከባለቤቴ ወይም ከልጄ ጋር የምንወጣ ቀን ታንደም በሰዓት እንከራያለን።

መልስ 27። የመልስ 4ቱ ባለሙያ አሮጌ ስትገዛ ምን እንደምታይ ዘረዘረልኝ። ምሰሶው የሚሰካበትን ጉድጓድ ግርጌ በእጅ ባትሪ እይ፤ አሸዋ ገብቶ እየፈገፈገ ያሳሳዋል፣ ውሃም በዚያ ይገባል። ፔዳሉ የሚገባበትን ክፍተት ጠርዝ ዙሪያውን በጣትህ ዳስስ፣ ስንጥቅ ካለ እዚያ ነው። የክንፎቹን ዘንግ ማያያዣ ነቅንቅ። ከተጠራጠርህ በማፍሰሻ ቀዳዳው አየር ንፋበትና ሳሙና ቀባው፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ያፈሳል። ከመጠን በላይ አትንፋ ብሎም አስጠንቅቋል፣ በአፍ ይበቃል።

መልስ 28። ሪችመንድ አካባቢ አንድ የ2012 ለሽያጭ እንደወጣ ጠቆሙኝ። ባለቤቱ ክንፉ አንዴ ተጠግኗል ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አየዋለሁ። በዚያ በኩል የምትኖሩና የተጠገነ ፕላስቲክ አይታችሁ የምታውቁ ካላችሁ እስከ ዐርብ ማታ ጻፉልኝ።